እንባ የሌለበት ቀረጻ

«እንባ ነው የምፈልገው! ሳቅማ መንገድ ላይ ሞልቷል» አሉ የፊልሙ ዳይሬክተር ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

የስድስት ዓመቷ ሊዲያ ግን ሳቋ አልቆምላት አለ። በፊልሙ ውስጥ እናቷ ታማ ሐኪም ቤት ገብታለች፤ ሊዲያም ራት ቀርቦላት «እማዬስ?» ብላ ማልቀስ ነበረባት። የድምፅ ባለሙያው ከአናቷ በላይ የያዘው ጸጉራም ማይክ ድመት መሰላት። ቀና ባለች ቁጥር ትንከተከታለች። ቀረጻው ዘጠኝ ጊዜ ተደገመ፤ ሽሮውም ዘጠኝ ጊዜ ሞቀ።

ከጎኗ ታላቅ እህቷን ሆና የተቀመጠችው ሶሊያና ናት። ሶሊያና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የአቃቂ ልጅ፣ የቀድሞ የፊልም ኮከብ። «የቀድሞ» የምትለዋን ቃል በዚህ ዕድሜ መሸከም ቀላል አይደለም። እሷ ግን ለምዳዋለች፤ አንዳንዴም ያስቃታል።

በሰባት ዓመቷ በእኚሁ ዳይሬክተር ፊልም ላይ ቡቹ የምትባል ልጅ ሆና ተጫውታ ነበር። ቡቹ የአባቷን ራት ይዛ በር ላይ ስትጠብቅ የምታለቅስበት ቦታ አገር ምድሩን አስለቀሰ። ያኔ የአቃቂ ባጃጆች ትምህርት ቤት ድረስ በነጻ ያደርሷት ነበር፤ ዳቦ ቤቱም ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሁለተኛው ፊልም ሲሠራ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበር ምን እንደምትል የገባው ሰው አልነበረም። ቀጥሎ አንድ የብስኩት ማስታወቂያ ሠራች። በአሥራ አንድ ዓመቷ ደግሞ ድንገት ተመዘዘች። ጥፋት የሠራች ይመስል ፕሮዲዩሰሮቹ ሁሉ «ውይ፣ አድጋለች!» ይሉ ጀመር። አንዴማ ለትወና ፈተና ተጠርታ ግማሽ ቀን ከተሰለፈች በኋላ የሌሎቹን ልጆች ጃኬት እንድትይዝ ተደረገች። ባለፈው ዓመት አንድ የታክሲ ረዳት «አንቺን የት ነው የማውቅሽ?» ሲላት፣ «ጎረቤትህ ነኝ» ብላ ሂሳቧን ከፍላ ወረደች።

አሁን ግን እንደገና ተጠርታለች። የተሰጣት ክፍል ትንሽ ነው፤ ደስታዋ ግን ትንሽ አልነበረም። ጓደኛዋ ሒክማ ወሬውን በአንድ ቀን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አዳርሳ፣ «ሶሊ፣ ተመለስሽ በቃ! ጀለሶችሽን እንዳትረሺ» ብላታለች።

«ሶሊያና፣ እስቲ ነይ» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ወደ ግቢው ጥግ፣ የውሃ ሮቶው ጋ ወሰዷት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ምሳ ለሠራተኛው ሁሉ ሳይደርስ እሳቸው አይበሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅቷ ትወድሻለች፤ የምትነግሪያትን ታምናለች። ‹እናትሽን መኪና ገጭቷት ሐኪም ቤት ወሰዷት› በያት። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ውሸት ነው እንላታለን» አሏት።

ሶሊያና የሰማችውን ማመን አቃታት። «እንዴ፣ ጋሼ...»

«አንቺንስ እንዴት አስለቀስኩሽ? ረሳሽው?» ብለው በኩራት ሳቁ።

አልረሳችውም። አባቷ ሀብተሚካኤል የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያን ቀን እኚሁ ሰው ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው «የአባትሽ መኪና ተገልብጧል» አሏት። አገር ምድሩን ያስለቀሰው እንባ የቡቹ ሳይሆን የራሷ ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ «ቀልድ ነው» ብለው አቀፏት፤ ሁሉም አጨበጨበላት። ከዚያ ወዲህ ግን አባቷ ጉዞ በወጣ ቁጥር «ደርሻለሁ» ብሎ ካልደወለ ምግብ አይዋጥላትም። እሱ የፍቅር ብዛት ይመስለዋል። ምክንያቱን ነግራው አታውቅም።

«ቤቱን የተከራየነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሰዓታቸውን እያዩ። «ይሄ ካልተሳካ የሁለታችሁንም ታሪክ ከፊልሙ ላወጣው ነው። ሌላ መንገድ የለኝም።»

ሶሊያና ወደ ቀረጻው ክፍል ተመለሰች። በተከፈተው መስኮት የሊዲያ እናት አሰለፈች ትታያለች፤ ስሊፐሯን አውልቃ ከሜካፕ ሠራተኛዋ ጋር እየተጫወተች ፀሐይ ትሞቃለች። ሶሊያና ይህን ፊልም ፈልጋዋለች፣ በጣም ፈልጋዋለች። ሰኞ ክፍል ገብታ «አወጡኝ» ስትል ታያት።

«ሶሊዬ፣ ተቆጡሽ እንዴ?» አለች ሊዲያ።

«አልተቆጡኝም።» ሶሊያና አጠገቧ ተንበረከከች። «ስሚኝ፣ እናትሽ ያቻትልሽ፣ መስኮቱ ጋ። የትም አትሄድም። አየሻት?»

«አየኋት።»

«ማልቀስ ፈልገሽ፣ ግን ሰው እንዳያይብሽ ታግለሽ ታውቂያለሽ?»

ሊዲያ ትንሽ አሰበች። «ክትባት ስወጋ። እማዬ ጎበዝ ልጅ አታለቅስም አለችኝ።»

«ታዲያ እንዴት አደረግሽ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ የቀሚሷን ጫፍ ጭምቅ አደረገች። አገጯ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«በቃ እሱን አድርጊ። ማይኩን አትዪው፤ ሽሮውን እዪ።»

ካሜራው ሥራ ጀመረ። «እማዬስ?» አለች ሊዲያ፤ ከንፈሯን ነከሰች። ሶሊያና ሳታስበው ጠቅልላ አጎረሰቻት። ሊዲያ ጉርሻውን ጉንጯ ውስጥ ይዛ አልዋጠችውም፤ ዝም ብላ ሳህኑን አየች።

«ካት» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ማንም አላጨበጨበም። «እንባ የለም።»

«የለም» አለች ሶሊያና ተነስታ። «አልነገርኳትም፣ ጋሼ። አልነግራትምም። የሚያወጡኝ ከሆነ ያውጡኝ። እኔ ያን ቀን ከነገሩኝ ጀምሮ፣ አባቴ ካልደወለ እስከ ዛሬ እህል አይወርድልኝም።»

ለጋሽ ሰይፈሥላሴ ይህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እያወሩ የሚስቁበት ጨዋታ ነበር። ወደ ሞኒተሩ ዞረው «መልሰህ አሳየኝ» አሉት የካሜራ ባለሙያውን። አንዴ አዩት፤ ደግመው አዩት። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አሁን ልዋጠው?» አለች ሊዲያ በሞላ ጉንጯ።

ሶሊያና ሳቋ አመለጣት። የዳይሬክተሩን ውሳኔ ሳትጠብቅ ወደ ግቢው ወጣች፤ ስልኳም ጠራ።

«ሶሊዬ፣ ሚሌ ደርሻለሁ። በይ አሁን ምሳሽን ብዪ» አለ አባቷ እንደ ሁልጊዜው።

«እሺ፣ አባዬ» ብላ ልትዘጋ ነበር። «ቆይ፣ አትዝጋው። መኪናውን አቁመሃል?»

«አቁሜያለሁ። ምነው?»

ሮቶው ጥላ ሥር ተቀመጠች።

«ሁሌ ደውልልኝ የምልህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።»