ለሁሉ ቅርብ በሆነች ከተማ

ሞሪን ቁልፉን ብታዞረው፣ ብታባብለው፣ በሩ አልከፈት አላት። ዝናቡ በአንገቷ ይወርዳል። ቢቸግራት በሩን በእግሯ መታችው። ከውስጥ ተከፈተና አንድ ረጅም ሰው የሻይ ኩባያ እንደያዘ ብቅ አለ።

«ቤቴ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጮኸች።

ሰውየው ቀና ብሎ የበሩን ቁጥር አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«እኔም ይህንኑ ልጠይቅዎት ነበር...»

ቤቱ የእሱ ነበር! የእሷ የሚቀጥለው ነው፤ ያው ቀይ ጡብ፣ ያው ግራጫ በር። ሞሪን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ይግቡ እንጂ፣ ሻይ አለ» አላት እየሳቀ። «እኔም ባለፈው የማዶውን ቤት በር ስታገል ነበር። ባዶ ሆኖ በጀኝ!»

ክላይቭ ይባላል። ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች።

ሞሪንም ባሏ የሞተባት ናት። በባሕር ዳርቻ ላይ የነበረውን የድሮ ቤቷን ሸጣ ፒተርቦሮ በምትባል ከተማ ጫፍ አዲስ ቤት የገዛችው በልጇ በዳንካን ምክር ነው። «እማዬ፣ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም! በየእሁዱ እመጣልሻለሁ» ብሏት ነበር።

ስለ ከተማዋ አልዋሸም። ባቡሩ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ይከንፋል። ፒተርቦሮ ለሁሉ ቅርብ ናት፤ ሞሪን ግን ለማንም አልቀረበችም። ሰፈሩ ገና አላለቀም፤ ዙሪያው የግንባታ አጥርና ጭቃ ነው። አውቶቡስ አይገባም። የመኝታ ቤቷ መስኮት እንኳ ለደህንነት ተብሎ ከስንዝር በላይ አይከፈትም። በዚያች ክፍተት አፍንጫዋን አድርጋ የምትቆምባቸው ቀናት ነበሩ።

ዳንካን ቢመጣ በወር አንዴ ነው። ሲመጣ ግድግዳውን መታ መታ ያደርግና «አየሽ ጥንካሬውን?» ይላታል። «ታፈንኩ ልጄ» ልትለው ትፈልጋለች። የደከመ ፊቱን ስታይ ግን መልሳ ትውጠዋለች። ቤቱን የመረጠላት እሱ፣ ዕቃዋን የተሸከመላት እሱ። በውለታ የታሰረ ሰው በየት በኩል ይወጣል?

መውጫዋ ክላይቭ ሆነ። አብረው ገበያ ይሄዳሉ፤ በጭቃው ላይ ክንዱን ያውሳታል። እሁድ እሁድ ዶሮ ትጠብሳለች፤ እሱ ሁልጊዜ የሚያርርበትን የፖም ኬክ ይዞ ይመጣል። ያንን ያረረ ኬክ እየበላች ስንት ጊዜ በሳቅ ፈረሰች!

አንድ እሁድ ዳንካን ሳይደውል መጣ። ክላይቭ ገና መውጣቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ።

«ማን ነበር እዚህ?»

«ጎረቤት ነው...»

«ወንድ? እማዬ፣ ተጠንቀቂ እንጂ! ቤትሽን አይቶ የተጠጋሽ ቢሆንስ?»

ሞሪን እንደ ልጅ ደነገጠች። «ማንም አይደለም አልኩህ! ለእኔ ምኔም አይደለም!»

የጓሮው በር ክፍት ነበር። ክላይቭ ከአጥሩ ማዶ አትክልቱን ያጠጣል። እሷ አላየችውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክላይቭ ጠፋ። ስታንኳኳ አይከፍትም፤ በመንገድ ሲያገኛት አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ከዚያም አንድ ጠዋት በቤቱ ፊት «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አየች።

በቤት ጫማዋ ወጥታ በሩን ደበደበች።

«ልትሄድ ነው? ሳትነግረኝ?» አንተ ማለቷን እንኳ ልብ አላለችም።

«እህቴ ዌልስ ናት፤ እዚያ እሄዳለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ደግሞስ... ምንም ያልሆነ ሰው ቢሄድ ምን ይጎድላል?»

ሞሪን ያን ጊዜ ገባት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ለልጄ ያልኩትን ሰማህ...»

«ሰማሁ።»

«ለራሴ የምለውንስ? ጠዋት የኩሽናህ መብራት ሲበራ ‹ተመስገን፣ ዛሬም አለ› እላለሁ እኮ!»

የክላይቭ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ሞሪን... ይህን ለእሱ ልትነግሪው ትችያለሽ? ተደብቄ መወደድ አልችልም። በዚህ ዕድሜ አልችልም።»

ሞሪን አቀርቅራ የቤት ጫማዋን ጭቃ አየች። እሱም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ።

ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ለዳንካን ደወለች። «ና» አለችው። «ዛሬውኑ።»

ዳንካን እያለከለከ ደረሰ። «አመመሽ እንዴ?»

«ታፍኛለሁ ልጄ።»

«ቤቱ ነው?»

«አንተን ላለማስከፋት ዝም ማለቴ ነው ያፈነኝ። ክላይቭን እወደዋለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ታዲያ በየትኛው ዕድሜዬ ልውደድ? ወጣትነቴን ለአባትህ ሰጥቻለሁ!»

ዳንካን መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ደስተኛ እንዳልሆንሽ አውቅ ነበር እማዬ። ያንን ሐዘንሽን ላለማየት ነው የቀረሁት...»

አቀፈችው። ኮቱን ሳያወልቅ እየጎተተች ወደ ጎረቤት ወሰደችው። ክላይቭ በካርቶኖች መሃል ቆሞ ነበር።

«ዳንካን» አለች። «የምወደው ሰው ይህ ነው።»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ።

«እናቴን ካስለቀሷት...» አለ ዳንካን።

«ልጄ፣ ሰሞኑን ሳለቅስ የከረምኩት እኔ ነኝ!» አለ ክላይቭ።

ሞሪን እየሳቀችም እያለቀሰችም እጁን ያዘች። ክላይቭ በልጇ ፊት አፍሮ እጁን ሊያላቅቅ ቢል እሷ አጥብቃ ያዘችው።

በዚያው በጋ ተጋቡ። ቤቶቻቸውን ሸጠው እህቱ ወዳለችበት ሄዱ፤ ባቡር እንኳ የማይደርስበት መንደር ነው። ዳንካን ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ቀይሮ ይመጣል። አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም።