ጠብቆ ወይስ ላልቶ

የፊልም ዳይሬክተሩ ሞቶ የተገኘው ድምፅ መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ወርዷል። የቆርቆሮ ኩባያ ከእግሩ ሥር ተንከባሎ ነጭ ፈሳሽ ምንጣፉ ላይ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ በራሱ የእጅ ጽሕፈት አንድ መስመር ብቻ የሰፈረበት ወረቀት ነበር፦ «ዛሬ መሪው ይጠራል።»

የምርመራ ኃላፊው ወረቀቱን አንዴ አንብቦ ነገሩን ቋጨው። መሪው ማለት ራሱ ሟቹ ነው፤ መጠራትም መሞት ነው፤ ኩባያውም ሟቹ በሚሠራው ፊልም ውስጥ የመሪው ተከታዮች የሚጠጡበት ኩባያ ነው። «ሰውየው ፊልሙን ሲሠራ ፊልሙ እሱን ሠራው» አለና በራሱ አባባል ተደሰተ። ፋይሉ አሥር ሰዓት ላይ «በገዛ እጁ» ተብሎ እንዲዘጋ አዘዘ።

መርማሪዋ ግን አልተዋጠላትም። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሥጋት» ይሏታል። ምድጃ ማጥፋቷን ለማየት ከመንገድ የምትመለስ፣ ልጇ ሁለቴ ስልክ ካላነሳች ሐኪም ቤት መደወል የምትጀምር ሴት ናት። ክፉ ክፉውን ማሰብ ለቤቷ መከራ፣ ለሥራዋ ግን ዓይን ሆኖላታል። ሰው ሁሉ «ደህና ነው» ሲል እሷ «ባይሆንስ» ትላለች።

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቤት ይግቡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል። መርማሪዋ አጠገባቸው ስትቀመጥ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችው። አባትሽ ጠልቶሽ ሄደ የሚል ወረቀት አላወርሳትም። አለቃሽ ጽፎ ሲጨርስ ፈርሚ ብሎኛል። እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም።»

«እማማ፣ የማገኘውን ነው የምጽፈው፤ ባይጥምዎትም።»

«እሱን ነው የምለምንሽ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው። ዘመኑ ገና ያልመጣ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ከምድር ርቀው፣ አየር በሌለው ዓለም፣ በመስታወት ቤት ይኖራሉ። ፊቱ የማይታይ መሪ መርከብ ይመጣል ብሏቸዋል። በመጨረሻ በር ይከፈታል፤ ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል፤ ከኩባያው ጠጥተው ወደ ነጭ ብርሃን ይገባሉ። ማሳያው ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መርከቡ መጣ ወይስ ሁሉም አለቁ? ፊልሙ አይናገርም። የቀረው የመሪው አንድ መስመር ድምፅ ነበር፤ ዳይሬክተሩ በዚያ ጠዋት ብቻውን ሊቀርጽ የገባው እሱን ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የድምፅ ባለሙያውን ነው። ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። ሦስት ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑን አስተካክሎ እንደወጣ፣ ዳይሬክተሩም ማንም አጠገቤ አይድረስ እንዳለው ነገራት። ከዚያ በኋላ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ጣሪያ ላይ ገመድ ሲዘረጋ ቆየ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመለስ ሬሳውን አገኘ። የተቀረጸውን እስካሁን አልሰማም፤ ፖሊስ ክፍሉን ዘግቶታል።

መርማሪዋ የፊልሙን ጽሑፍ ስታገላብጥ አንዳንድ ፊደላት አናት ላይ የእርሳስ ነጥብ አየች። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ጆሮ በሐዘኑ መሃል ሳቅ አመለጠው።

«የዱሮ ጉድ ነው። አንድ ተዋናይ "አባትየው አሁን ይበላል" የሚለውን አጥብቆ አነበበው። አባትየው ምሳ መብላቱ ቀርቶ ራሱ ምሳ ሆነ። ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ፣ እየሳቅን። ከዚያ ወዲህ ዳይሬክተሩ የሚጠብቅ ፊደል ላይ ነጥብ ሳያደርግ ለራሱ እንኳ አይጽፍም ነበር።»

መርማሪዋ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። «ዛሬ መሪው ይጠራል» በሚለው የጽሑፉ መስመር ላይ፣ «ጠ» አናት ላይ ነጥብ አለ። ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ወረቀት ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ነጥብ የለውም። ጆሮን ወደ ውጭ አስወጣችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የተቀረጸውን ብቻዋን ሰማች። አምስት ቅጂ ነበር። የሰማችውን ለማንም አልተናገረችም።

ቀጥሎ ተዋናይቱ ገባች። ፊልሙ ውስጥ ሰባተኛ የምትጠራውን ልጅ የሠራችው እሷ ናት። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ለዳይሬክተሩ ደውላ እንደነበር አልደበቀችም። ማታ ለእናቷ ፊልሙን አሳይታ ነበር፤ እናቷ ስሞቹ ሲጠሩ ገና በሦስተኛው ጮኸች። ከሠላሳ ዓመት በፊት የእናቷ ታናሽ እህት ከአንድ ማኅበር ጋር በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ መርዝ ጠጥታ ሞታለች። ጋዜጣ ያወጣው ከአዳራሹ አንድ ሕፃን ብቻ ተርፏል ብሎ ነው። እናቷ ግን ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስም ሲጠራ ሰምታለች። የፊልሙ ስሞች ተቀይረዋል፤ ተራው ግን ያው ነው፦ መጀመሪያ ሽማግሌው፣ ቀጥሎ መንትዮቹ፣ ሰባተኛዋ እህቷ።

«የጠራው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ አልገባም፤ እናቴ ያለችው ይህንን ነው። ለዳይሬክተሩም ይህንኑ ነገርኩት። "ገባኝ" ብሎ ዘጋው።»

የመጨረሻው የፊልሙ ደራሲ ነበር። ኮቱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ፣ ከሚናገረው ዕድሜ ጠና ያለ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ሰው። ከዚያ አዳራሽ የተረፈው ሕፃን እኔ ነኝ ሲል ኖሯል፤ ታሪኩንም ወደ ከዋክብት ሰቅሎ የጻፈው ሕመሙ ስለከበደው እንደሆነ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ዳይሬክተሩን ካየሁትም ሆነ ካነጋገርኩት አንድ ቀን አልፎኛል፣ ጠዋቱን ቤቴ ስጽፍ ነበርኩ አለ።

መርማሪዋ እንደ ዋዛ ጠየቀችው። «እኔ ፊልም አይገባኝም፣ ጋሼ። መጨረሻው ምን ማለት ነው?»

ደራሲው ወደ ኋላ ተደገፈ። «የኔ መሪ እንደ ተከታዮቹ ራሱም የሚጠራ ምስኪን ነው። ተመልካቹ ከፈለገ ዳኑ ይበል፣ ከፈለገ ሞቱ። ዳይሬክተሩ ግን ያችን "ይጠራል" የምትል ቃል አላልቶ መሪውን ጠሪ አደረገው። ሰውን ወደ ሞት የሚጠራ ነፍሰ ገዳይ። በአንድ ፊደል ሥራዬን ገደለው።»

«ያሳዝናል» አለችና ማስታወሻዋን አጠፈች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ፊልም ማሳያው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኃላፊው የሚፈረመውን ፋይል ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። በነጥብ ፋይል የሚያስቆም ሰው በዕድሜዬ አላየሁም እያለ አጉረመረመ። መርማሪዋ ስትፈራ ድምጿ ይቀጥናል፤ አሁንም ቀጥኗል፤ ግን አልተቋረጠም።

«አለቃ፣ ወረቀቱን "ይጠራል" ብለው አጥብቀው ስላነበቡ ሰውየው መሞቱን የተናገረ መሰለዎት። ፊደሉ አንድ ነው፤ ንባቡ ግን ሁለት ነው። ሟቹ ቢያጠብቀው ኖሮ ነጥብ ያደርግበት ነበር። አላደረገም። ስለዚህ ያለው "መሪው ይጠራል" ነው፤ ሌሎችን ይጠራል ማለት ነው። ኑዛዜ አይደለም፤ የፊልሙ መስመር ነው፣ ተለውጦ የተጻፈ።»

ከዚያ ጆሮን ቅጂዎቹን እንዲያሰማ አዘዘችው። የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እናቱ ሁለት እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። አራቱ ቅጂዎች ጠብቀው ተነብበዋል። ስልኩ የተደወለው ከአራተኛው በኋላ ነው። አምስተኛው አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ይላል፤ እሱ ላልቶ ተነበበ። ጆሮ ራሱ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እስከ አራት ሰዓት ከሩብ ድረስ መስመሩ እንደሚላላ ራሱ ሟቹም አላሰበም» አለች መርማሪዋ። «ከዚያ በኋላ ከስልኩ ጥሪ አልወጣም፣ ወደ ስልኩም አልገባም። ክፍሉ ከታሸገ በኋላ ቅጂውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱን ያየ ሁሉ አጥብቆ ነው ያነበበው። ታዲያ ጋሼ፣ መላላቱን ማን ነገረዎት?»

ደራሲው ኮቱን አስተካከለ። ሟቹ በፊትም እንዲህ ያስብ ነበር፣ ገምቼ ነው አለ።

«"አላልቶ ጠሪ አደረገው" ነው ያሉኝ። አድርጓል ነው እንጂ ሊያደርግ ነው አላሉም። ልንገርዎት። ጠዋት መጡ፤ እሱም አልፈራዎትም፣ አምስተኛውን አሰማዎት። የስሞቹን ተራ ሕፃን ሊይዘው አይችልም፤ የሚይዘው ዝርዝሩን በእጁ ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። መሪውን ጠሪ ብሎ ሲያነብ የርስዎን ስም ጠራ። መርዙን በኩባያ ሰጡት፤ ወረቀቱን ደግሞ ከጽሑፎቹ ክምር አውጥተው ፊቱ አስቀመጡ፣ ሰው አጥብቆ እንደሚያነበው ያውቃሉና።»

ደራሲው ነጩን ማሳያ እያየ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር» አለ። «ስማቸውን ብቻ ነው የጠራሁት። የጠጡት እነሱ ናቸው።»

«ሰባተኛዋ አክስቴ ናት» አለች ተዋናይቱ። «ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነበር። እስቲ እሷንም ጥራት፣ በእውነተኛ ስሟ።»

ደራሲው ፊቱን ከእሷ አዞረ። ሁለት ፖሊሶች በግራና በቀኝ ይዘውት ወጡ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አውጥቶ «በገዛ እጁ» የሚለው ላይ መስመር ሊያሰምር ሲል የሟቹ እናት ከፊቱ ቆሙ።

«ስርዝ አልፈልግም። ስርዝ ከሥሩ ይነበባል። ቀደህ አዲስ ጻፍ።»

ኃላፊው መርማሪዋን አያት። እሷ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም። ገጹን ቀደደ፤ አዲስ ጻፈ። እናትየው አንብብልኝ አሉት፤ አነበበ። ደግመህ አሉት፤ ደገመ። ያን ጊዜ ፈረሙ።

መርማሪዋ መኪና አለ፣ ላድርስዎት አለቻቸው። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ወሬው ከሌላ ሰው አፍ እንዳይቀድማቸው ሠግታለች።

«በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ እናትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቅርብ ነው። እስክደርስ እንዴት እንደምነግራት ልለማመደው።»