ያልተሞከረው ኬብል

«እንደገና ጠፋ!» የቤዛዊት ድምፅ ከስልኩ ወጣ። «ሲና፣ ትሰሚኛለሽ? ጨረቃዋ ስክሪኑ ላይ መጥታ ነበር፣ ከዚያ በቃ ቀጥ አለች። አሁን ደግሞ ‹ካሜራው አልተገኘም› ይለኛል።»

ሲና በትምህርት ቤቱ ሰገነት ላይ ተንበርክካ ቴሌስኮፑ ጫፍ ላይ የታሰረውን ካሜራ በጣቶቿ ዳሰሰች። ኬብሉ በደንብ ተሰክቷል። ነቅላ መልሳ ሰካችው። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጆሮዋን ያቃጥላታል።

«አሁንስ?»

«ቆይ... መጣች! ውይ፣ እንዴት ታምራለች!» አለች ቤዛዊት። «ጠፋች።»

ፀሐይ ከገባች ብዙም አልቆየች። በምዕራብ በኩል፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ፣ ቀጭን ጨረቃ ተንጠልጥላለች። እሷም ፀሐይን ተከትላ ለመጥለቅ የቀራት ጊዜ ትንሽ ነው። ታች ግቢው ውስጥ ወላጆች መሰብሰብ ጀምረዋል። የሥነ ፈለክ ክበቡ አስተባባሪ መምህር ይገዙ በር ላይ ቆመው እንግዶቹን እየተቀበሉ ነው።

ኬብሉ ከካሜራው ተነሥቶ፣ ሰገነቱን ተሻግሮ፣ በግድግዳው ወርዶ ቤዛዊት ወዳለችበት ክፍል በመስኮት ይገባል። የክበቡ ካሜራ ከኮምፒውተር ጋር ካልተያያዘ ምስል አያነሳም። ከክበቡ አባላት መካከል ደግሞ ካሜራውን ከኮምፒውተር እንደ ቤዛዊት አድርጎ የሚያዝ የለም። ከመቶ ብዥ ያሉ ምስሎች ውስጥ ጥርት ያሉትን ለቅማ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባ፣ የጨረቃን ጉድጓዶች ቁልጭ አድርጋ ታወጣቸዋለች። ግን ቤዛዊት የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው፤ ወደ ሰገነቱ የሚያስወጣው ደግሞ ደረጃ ብቻ ነው። ዝግጅቱ ሲታቀድ አንድ ልጅ «ተሸክመን እናወጣታለና!» ብሎ ነበር። «ጆንያ ነኝ እንዴ?» አለችው። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ያኔ ነው ሲና «ለምን ረጅም ኬብል አንገዛም?» ያለችው።

ሐሳቡ የእሷ ነበር።

ኬብሉን የገዙት እሷና የክበቡ አባል መሳይ ናቸው፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ አዲሱ ገበያ። ከመሄዳቸው በፊት መምህር ይገዙ አስጠንቅቀዋቸዋል። «የዩኤስቢ ኬብል በረዘመ ቁጥር የሚያስተላልፈው ነገር መንገድ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ቀጭኑን ተዉት፤ ወፍራምና መሐሉ ላይ ማጉያ ያለበትን ፈልጉ። ከሁሉ በላይ ግን ከካሜራው ጋር ሳትሞክሩት እንዳታምኑት።»

ባለ ሱቁ ፈድሉ የሚባል ወጣት ነበር። ሁለት ኬብል አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋላቸው። አንደኛው ወፍራም ሆኖ መሐሉ ላይ ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለው። ሌላው ቀጭን፣ ረጅም፣ በሚያብረቀርቅ ካርቶን የታሸገ ነው። ሲና ከሰገነቱ እስከ ክፍሉ ጠረጴዛ ድረስ የለካችበትን ሲባጎ ከቦርሳዋ አውጥታ ከኬብሎቹ ጋር አስተያየችው። ወፍራሙ በአንድ ክንድ ያህል ያጥራል።

«ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ብናስጠጋው ይደርሳል» አለች።

«ኧረ ባክሽ፣ ምን አስጨነቀሽ? ይሄኛው ይተርፋል እኮ!» አለ መሳይ ቀጭኑን እያነሳ። «ካርቶኑን አላየሽም? አሪፍ ነው።»

«እ... ማለቴ፣ እኔ ለፕሪንተር ነው የሸጥኩት» አለ ፈድሉ። «ለካሜራ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አልዋሻችሁም። ሞክሩትና እምቢ ካለ መልሱት፣ በሌላው እቀይርላችኋለሁ።»

ቀጭኑን ይዘው ወጡ። ሲና እሑድ ከእናቷ ጋር ለቅሶ መድረስ ስለነበረባት ካሜራውን፣ የክበቡን ላፕቶፕና ኬብሉን መሳይ ሸጎሌ ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው። ሰኞ ጠዋት ገና የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳሉ ጠየቀችው።

«ሞከርከው?»

«ከካሜራው ጋር። አንድ ሰዓት ሙሉ። ምስሉ ንቅንቅ አላለም» አላት።

አሁን መሳይ ሰገነቱ ላይ ከጀርባዋ ቆሞ የተረፈውን ኬብል እጁ ላይ እየጠቀለለ ይፈታል። እየፈታ ይጠቀልላል። ሲና ስልኩን ዘጋችና ዞራ አየችው።

«መሳይ፣ በእናትህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሞክረኸዋል?»

«አልኩሽ እኮ...»

«ከካሜራው ጋር?»

መሳይ ወደ ጨረቃዋ አየ። ወደ ባሕር ዛፎቹ አየ። ከዚያ ትከሻው ወደቀ።

«እሑድ ሰፈራችን መብራት አልነበረም። ላፕቶፑም ባትሪ አልነበረውም። ማታ ሲመጣ ደክሞኝ ተኝቻለሁ። ጠዋት በስልኬ ሞከርኩት። ቻርጅ አደረገልኝ፣ ሠራ ብዬ...»

«ቻርጅ ማድረግና ምስል ማስተላለፍ አንድ ነው እንዴ?»

«አሁን ገባኝ።»

«ሰኞ ብትነግረኝ እኮ እንቀይረው ነበር!»

ከታች የወላጆች ሳቅ መጣ። አንድ ሕፃን «ጨረቃ የታለች?» እያለ ይጮኻል።

«ስሚ» አለ መሳይ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጭሩ ኬብል ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሱ ይሠራል፣ ሁልጊዜ የምንጠቀምበት ነው። ላፕቶፑን ወደዚህ አምጪውና እኔ ላንሳ። ሰዎቹም በተራ በተራ ይውጡ። ለቤዛዊት ‹ላፕቶፑ እምቢ ብሏል፣ ላይ ወስደን እናየዋለን› በያት። በቃ። ማንም ምንም አያውቅም።»

«እሷስ?»

«ሲና፣ ጨረቃዋ ልትጠልቅ ነው! ሰው ሁሉ ፊት ልናፍር ነው እኮ። በናትሽ።»

ሲና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። የምትለውን በልቧ ትለማመዳለች። ላፕቶፑ እምቢ ብሏል። ላይ ወስደን እናየዋለን። አጭር ነው፣ ቀላል ነው። ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር።

ቤዛዊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። ከጎኗ አባቷ አቶ ቦጋለ፣ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ በተማሪ ወንበር ላይ ተጣብበው ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ሲና፣ የእኔ ጥፋት ነው መሰለኝ» አለች ቤዛዊት ቀና ሳትል። «ከሰዓት በኋላ ሴቲንጉን ነካክቼው ነበር። ሁሉንም መለስኩት፣ ግን ምኑን እንዳበላሸሁት አላወቅኩም። አባዬን ደግሞ ከሥራ አስቀርቼ...»

«አይዞሽ ልጄ፣ ይስተካከላል» አሉ አቶ ቦጋለ።

ሲና የተለማመደችውን አረፍተ ነገር ተወችው። እንዲያ ብትላት ቤዛዊት ታምናታለች። ዛሬም፣ ነገም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያለች ትኖራለች።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ሲና። «ላፕቶፑም ደህና ነው። ኬብሉ ነው። ከካሜራው ጋር አልተሞከረም።»

ቤዛዊት ቀና አለች። «መሳይ አንድ ሰዓት ሞከርኩት ብሎ አልነበር?»

«አልሞከረውም። እኔም ዓይኔ ሳያይ አምኜ ተቀበልኩ።»

ቤዛዊት ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ወደ ሲና ገፋችው።

«እንኪ። ውሰጂውና እዚያው ላይ አንሱት። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሲና ላፕቶፑን ተቀበለች። እስከ በሩ ሄደች። እግሯ ግን ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆመ። በኮሪደሩ ጫፍ ግቢው ይታያል፤ ከግቢው ባሻገር የአዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው በላይ ደግሞ ጨረቃዋ። ከግቢው ሆኖ ሲታይ በጨረቃዋና በቆርቆሮው መካከል የቀረው ክፍተት ከአንድ መዳፍ አይበልጥም። ከሰገነቱ ግን እስክትጠልቅ ድረስ ትታያለች። እዚያ ሁሉም ይደርሰዋል፤ እዚህ ግን ግማሹ ወላጅ ሳያይ ሊሄድ ይችላል።

ተመልሳ ገባችና ላፕቶፑን ቤዛዊት ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ወደ ግቢው ውጪ። አሁኑኑ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

ሲና ግን ደረጃውን እየወጣች ነበር። ሰገነቱ ላይ መምህር ይገዙ ከመሳይ አጠገብ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ሲና፣ ምን ተፈጠረ? ወላጆችን ላወጣቸው ነው» አሏት።

«ቲቸር፣ ቴሌስኮፑን ወደ ግቢው እናውርደው። በአጭሩ ኬብል ቤዛዊት ታንሳ።»

መምህሩ ወደ ምዕራብ ዞሩ። «ከግቢው ብዙ አትቆይም እኮ። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ከአዳራሹ ጀርባ ትገባለች።»

«አውቃለሁ ቲቸር።»

መምህር ይገዙ አንዴ እሷን፣ አንዴ መሳይን አዩ። ምንም ሳይጠይቁ ጎንበስ ብለው የቴሌስኮፑን አንድ እግር ያዙ። መሳይ እንደ ደነዘዘ ቆሟል።

«ሰዎቹ ለምን ወረዳችሁ ሲሉን ምን እንላቸዋለን?» አላት በሹክሹክታ።

ሲና ቴሌስኮፑን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን እያላላች ነበር። በነፋስ ማመካኘት ትችላለች። ነፋሱም አለ፣ ማንም አይጠራጠርም።

«እኔ የምለው የለኝም» አለችው። «አንተ ታውቃለህ። በዚያ በኩል ያዝ።»

መሳይ ያዘ።

ግቢው መሐል ሲያቆሙት ጨረቃዋ ቆርቆሮውን ልትነካ ጥቂት ቀርቷታል። አጭሩ ኬብል ከካሜራው ተነሥቶ ቤዛዊት ጭን ላይ ባለው ላፕቶፕ ተሰካ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር፣ ከዚያ ነጭ ጭጋግ፣ ከዚያ ጨረቃዋ መጣች። ቆየች። አልጠፋችም። አቶ ቦጋለ ከልጃቸው ጀርባ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሲና፣ የትኩረት ማስተካከያውን ትንሽ ወደ ግራ አዙሪልኝ» አለች ቤዛዊት። «አበዛሽው! መልሺ። በቃ፣ እንዳትነኪው።» ጣቷ ቁልፉን መታ። ምስሎቹ መቆጠር ጀመሩ።

ወላጆች ዙሪያዋን ከበቧት። ከኋላ አንዲት ሴት «እኛ ጋ አይታይም!» እያለች ታጉረመርማለች። መሳይ በሰዎቹ መሐል ተሽሎክሉኮ ዊልቸሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ቤዛ፣ ስለ ኬብሉ... የምነግርሽ ነገር አለ።»

ሲና ልታግዘው አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው፤ ነፋሱ እንዳያነቃንቀው የቴሌስኮፑን እግር በሁለት እጇ ያዘች።

«ትነግረኛለህ» አለች ቤዛዊት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ልጨርስ፤ ጨረቃዋ ልትገባብኝ ነው።»

መሳይ ቁጢጥ እንዳለ ጠበቀ።