ማስቲሽ ያልነካው ቁልፍ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ጋራዡ ውስጥ ካለችው መኪና አልወጣም ነበር። ሟቹ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ታናሽ ወንድሙ «ጋሼ» ስለሚለው መንደሩም ትልቅ ትንሽ ሳይል «ጋሼ» ይለዋል። የኋላውን ወንበር አጥፎ በዕቃ መጫኛው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ እግሮቹ በተከፈተው የኋላ ኮፈን በኩል ተንጠልጥለዋል። ከእግሮቹ ሥር የጭስ ማውጫው አለ። ፒንሳው ደረቱ ላይ ቀርቷል። ፊቱ አረፍ እንዳለ እንቅልፍ የጣለው ሰው ፊት ይመስላል።

ከራሱ በላይ፣ በጥቅል የሚሸጠው ተለጣፊ የኤልኢዲ መብራት የዕቃ መጫኛውን ግራ ጠርዝ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ተለጥፏል። በስተቀኝ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ቀሪው እንደ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው የጨርቅ ልባስም ከጎኑ ተፈልቅቋል።

«ሚስቱ ናት ወደ ማምሻው ከሥራ ስትመለስ ያገኘችው» አለ ሳጅኑ። «የጋራዡ የብረት በር እስከ ታች ተዘግቶ ነበር። የመኪናዋ ቁልፍ እንደተከፈተ ነው። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ባትሪውም ሞቷል። ጠዋት ተጣልተው ነበር አሉ። ያው... ራሱን በጭስ አጥፍቶ ነው።»

«ሊሞት የተነሳ ሰው ተቀምጦ መብራት ይገጥማል?»

ሳጅኑ ዞሮ ተንጠልጥሎ የቀረውን መብራት አየ።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጆች አየች። ጣቶቹ ላይ ማስቲሽ ደርቆባቸዋል። መብራቱ ከጀርባው ያለው ሙጫ ጨርቅ ላይ አልይዝ ስላለው ማስቲሽ እየቀባ ነበር የሚለጥፈው። ፒንሳው፣ ካቻቪቴው፣ የሬዲዮው መክፈቻ፣ የነካው ነገር ሁሉ ቢጫ የጣት አሻራ አለበት። ወደ መሪው ዞራ የማስነሻ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ የብረት በሩን እጀታ ውስጡንም ውጭውንም አየች።

ከሟቹ የደረት ኪስ አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ ወጣ። ጨርቁም ማስቲሽ ነክቶታል። ስትፈታው የቆዳ ቀለም ያላት ትንሽ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ አገኘች። የባትሪዋ ክዳን ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎባታል።

የሟቹ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀን በሱቋ፣ ማታ ቤቷ ባለው መስፊያ ክፍል ትሰፋለች። ኢንስፔክተሯ መስፊያ ክፍሏ ስትገባ ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት ተቀምጣ አገኘቻት፤ እግሯ ከመርገጫው ላይ ነው፣ አትሰፋም። ግድግዳው ላይ ጫፉ ያልታጠፈ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል።

«እህቴ፣ ጠዋት ምን ሆናችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሳጅኑ ቀና አለ። ኢንስፔክተሯ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንዴት አድርገሽ?»

«በምላሴ። ትናንት ማታ ያን ቀሚስ ከዕቃ መጫኛው በዳበሳ ሳወጣ ክሪኩ ላይ ተያዘና ተቀደደ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ጠዋት ጮህኩበት። ‹የሰውን መኪና ሁሉ ታበራለህ፣ የእኔን ታጨልማለህ፣ አንተ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ነህ?› አልኩት። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

«መብራት እየገጠመልሽ እንደነበር ታውቂ ነበር?»

«ከሞተ በኋላ ነው ያየሁት። በሩን ከፍቼ ስገባ ጨለማ ነበር። እግሩን ነው በእጄ የነካሁት።»

«መኪና ትነጃለሽ?»

«አልችልም። እሱ ነው የሚያደርሰኝ፤ እሱ ካልተመቸው ሎጋው።»

ሎጋው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት ቁመቱ ነው። የጭነት መኪና ይነዳል፣ ከግቢው ጓሮ ባለች ክፍል ይኖራል። እናትና አባቱ ሲሞቱ ባልና ሚስቱ ናቸው ያሳደጉት፤ የራሳቸው ልጅ አልወለዱም። ኢንስፔክተሯ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ጭነት ላይ። ጠዋት ወጣሁ፣ እትዬ ስትጮህ ነው የደረስኩት።»

«መሀል ላይ ወደ ቤት አልመጣህም?»

«አልመጣሁም።»

«ወንድምህ ራሱን የሚያጠፋ ሰው ነበር?»

«ጋሼ?» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እንጃ። የሰው ሆድ አይታወቅም። እትዬን አጽናኗት እንጂ፤ በእሷ ቃል አይደለም የሞተው። ቢያንስ ሲበራ አይቶት ነው የሄደው። ያ ነጭ ብርሃን ጥግ ጥጉን ሲሞላው...» እጁን አፉ ላይ ጭኖ አለቀሰ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ኢንስፔክተሯንም የከበዳት ይኸው ነበር።

ከጋራዡ አጥር ማዶ ጡረታ የወጡ መምህርት ይኖራሉ፤ ሰፈሩ «እማማ» ይላቸዋል። መስኮታቸው ወደ ጋራዡ ነው የሚከፈተው።

«ከጠዋት ጀምሮ ሲያንኳኳ፣ ሲያፏጭ ነበር» አሉ። «ደስ ያለው ነበር የሚመስለው። ፉጨቱ ቀጥ አለ፣ ወሬ ሰማሁ። ከቀትር በኋላ ሞተሩ ተነሳ፤ ወዲያው በሩ ተንኳኩቶ ወረደ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ የሰው ኮቴ ነበር። አልሄደም፣ እዚያው ቆሞ ቆየ።»

«ማን እንደሆነ አላዩም?»

«አላየሁም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ መስኮት ላይ መቆም አልወድም። ባለፈው ክረምት መኪና ነው የገጨብኝ። የወጣው እዚህ ማዶ ዳቦ ሊገዛ ነበር፤ የተገኘው ግን የከተማው ሌላ ዳር፣ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ነው። ማን እንደወሰደው፣ ለምን ወደ ውስጥ ሳያስገባው ጥሎት እንደሄደ እስከ ዛሬ አልታወቀም።»

ኢንስፔክተሯ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ጨርቁን ፈታችው።

አሮጊቷ መስሚያዋን አልነኳትም። ቀይዋን ነጥብ ብቻ አዩ። «የግራና የቀኙን እየቀያየረ ሲያስቸግረኝ እኔ ነኝ የቀባሁለት» አሉ በሹክሹክታ። «ከየት አመጣሽው የኔ ልጅ?»

ከቀብር መልስ በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ፊት፣ እማማ ከጎኗ፣ ሎጋው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሳጅኑ በሩ ላይ።

«በመጀመሪያ ለአንቺ ልንገርሽ» አለች ለልብስ ሰፊዋ። «ባልሽ ራሱን አላጠፋም። እጁ ሁሉ ማስቲሽ ነበር፣ የነካውን ሁሉ አሳድፏል። የማስነሻ ቁልፉ ግን ንጹሕ ነው። የበሩም እጀታ ንጹሕ ነው። ሞተሩን ያስነሳው፣ በሩንም የዘጋው ሌላ እጅ ነው።»

«ማስቲሽ ሳይነካ በፊት አስነስቶ ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«ሞተሩ የተነሳው ከቀትር በኋላ ነው፤ እማማ ሰምተዋል። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲለጥፍ ነበር። በሩ ከተዘጋ በኋላም ኮቴ ጠጠሩ ላይ ነበር፤ የዘጋው ሰው ውጭ ነው የቆመው።»

«ማን ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በስተቀኝ ሲደርስ ሽቦውን ሊያሳልፍ ልባሱን ፈለቀቀ። ከኋላው ይህችን አገኘ።» መስሚያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። «የእማማ ባለቤት መስሚያ ናት። ባለፈው ክረምት ሰውዬው በዚህች መኪና ተገጭተው፣ በዚህችው ዕቃ መጫኛ ተጭነው ነው ሆስፒታሉ አጥር ሥር የተጣሉት።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ እማማ ዞረች። አሮጊቷ አላዩአትም።

«መኪናዋን የሚነዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ የጋሼ ቢሆን ኖሮ መስሚያዋን ይጥላት ነበር እንጂ በጨርቅ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ አያኖራትም። ሊመልሳት ነበር ያሰበው። እማማም አውቀው ቢበቀሉ የባላቸውን ዕቃ ሳይወስዱ አይሄዱም። አንድ ሰው ቀረ። እሱ ደግሞ መብራቱ ሲበራ ነጭ እንደሆነ፣ ጥግ ጥጉን እንደሞላው ነግሮኛል። መብራቱ የተለጠፈው በዚያው ቀን ነው፤ አንቺ ስትገቢ ባትሪው ሞቶ ጨለማ ነበር። ሲበራ ያየው ከሟቹ ጋር የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ሎጋው መዞር አልፈለገም። እሱ ግድግዳውን ታክኮ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለምሳ ብዬ መጣሁ» አለ። «ጠራኝ። መብራቱን አሳየኝና እንደ ልጅ ሳቀ። ‹ስትመጣ ምን ትል ይሆን?› አለኝ። ከዚያ መስሚያዋን አወጣ። መዋሸት አቃተኝ፣ ነገርኩት። አልተቆጣም። አቀፈኝ። ‹ዛሬውኑ እማማ ጋ አብረን እንገባለን፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ እንሄዳለን። ከጎንህ አልለይም› አለኝ። ‹እስከዚያ ይህችን ልጨርስላት፤ ባትሪው ደክሟል፣ ሞተሩን አስነሳልኝ› ብሎ ተመልሶ ገባ። አስነሳሁለት።»

«ከዚያ?»

«እስር ቤቱ ዓይኔ ላይ መጣ። ወጣሁና በሩን ሳብኩት። ሬዲዮውም ሞተሩም ይጮሃል፣ አልሰማኝም። እጄ እጀታው ላይ ነበር፣ እትዬ። ክፈተው፣ ክፈተው እያልኩ ነበር ለራሴ። የእሱ ማንኳኳት ጠፋ፤ ሬዲዮውና ሞተሩ ብቻ ቀሩ። ሄድኩ።»

የልብስ ሰፊዋ አንድ እጅ የተቀደደውን ቀሚስ ጫፍ ይዞ ቀርቷል።

እማማ ወደ ሎጋው ዞሩ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ስትጭነው በሕይወት ነበር?»

ሎጋው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ላድናቸው ነበር የጫንኳቸው። በሩ ላይ ዘበኛውን ሳይ ፈራሁ። አጥሩ ሥር አስቀመጥኳቸው። ያየ ሰው ያነሳቸዋል ብዬ...»

«ተናገረ?»

«‹አይሰማኝም፣ ጮክ በል› አሉኝ። ጆሯቸውን እየዳበሱ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሳጅኑ ሎጋውን ከመሬት አነሳው። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ ልጁ በስስ ሸሚዝ ነው። ደፉ ላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች። ስትመለስ የእሱን ወፍራም ጃኬት ይዛለች፤ ራሷ የሰፋችለት ነው። ሎጋው ፊቷን አይቶ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልሰጠችውም። በአጠገቡ አልፋ ለሳጅኑ አቀበለችው።

«ደረቱ ብርድ አይችልም» አለች። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ።»

ሲወስዱት ቆማ አላየችም። ወደ ውስጥ ተመልሳ እማማ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ይቅርታ ልትል ጉልበታቸውን ያዘች። አሮጊቷም «ተይ» አላሏትም፣ «ይቅር ብያለሁ» አላሏትም። ተነስተው ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ።