የአቶ ኢቲቻ ማዘርቦርድ

ውሸት ለመፈብረክ ትዕግሥቱ የለኝም። ይሄ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ለማያምን አልከራከርም።

ነሐሴ 2002፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አዲስ አበባ፣ ሲግናል ሰፈር፣ ምድር ቤት ያለች የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ። መብራት ጠፍቷል።

ሦስት ነን። ባለሱቁ ባፈና፣ የሥራ ባልደረባዬ አብራር፣ እኔ።

ጠዋት አቶ ኢቲቻ የሚባሉ ሽማግሌ ከእንጦጦ ዴስክቶፕ ይዘው መጥተው ነበር። ማዘርቦርዱ፣ ዋናው የውስጥ ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል። ሌላ ገጠምንላቸው።

"አሮጌውን ስጡኝ" አሉ። "የራሴን።"

ባፈና የደንበኛ ቦርድ መልሶ አያውቅም፤ የሚሠራ ዕቃ ከላዩ ይነቅላል። ከጥራጊው ክምር ሌላ የሞተ ቦርድ አንስቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ማን ይለየዋል?

የእሳቸውን አብራር ፊት ወረወረው።

አብራር ሲያነሳው ከጀርባው ያሉት ሹል እግሮች ጣቱን ወጉት። ደማ።

"ይሄ ነገር ይሞቃል" አለኝ።

"አትቀልድ። ጠዋት የተነቀለ ነው።"

"ነይ ንኪው።"

እጄን ስዘረጋ... ቦርዱ ጮኸ።

አንድ አጭር ጢጥ። ኮምፒውተር በደህና ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ።

ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ አልተሰካበትም። መብራት የለም።

ያኔ የሱቁ ስልክ ጠራ፤ አነሳሁት። አቶ ኢቲቻ ናቸው።

"የሰጣችሁኝ የኔ አይደለም" አሉ በሹክሹክታ። "ማን ነካው?"

"አባባ፣ ተሳስተን ነው..."

"ሌቦች! ማን ነካው አልኩ?"

"አብራር የሚባል ልጅ።"



"ደማ?"

የአብራርን ጣት አየሁ።

"ራሱ ያምጣው። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ጫካው ጫፍ።"

"ካላመጣስ?"

"አይነጋለትም።"

ባፈና ሳቀብኝ። "ሽማግሌ አስፈራራሽ? በይ ዲግሪሽን ቅደጂው!"

"የሰረቅከው አንተ፣ የሚሞተው እሱ?"

አብራር ቦርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎታል።

"አስቀምጠው" አልኩት።

"እጄ አልፈታ አለኝ።"

እየጎተትኩ አወጣሁት። ፈረንሳይ ከታክሲ ወርደን በባሕር ዛፉ መሃል ዳገቱን ተያያዝነው። እንጨት የተሸከሙ ሴት አገኘን።

"እማማ፣ የአቶ ኢቲቻ ቤት የት ነው?"

አላዩኝም። የሚያዩት አብራርን ነው።

"የሞተው ልጃቸው ተመለሰ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው... ከዚያ ቁልቁል ተጣደፉ።

ስዞር አብራር ጥሎኝ ሄዷል። በቀጭኑ መንገድ ታጥፏል።

"መንገዱን ታውቀዋለህ?"

"መጥቼ አላውቅም" አለ። ግን አልቆመም።

አቶ ኢቲቻ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቦርዱ ከአብራር እጅ በቀላሉ ወጣላቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡት።

"ባዶ ነው፤ ልጄ ወጥቷል" አሉ። ፈገግ አሉ።

"በቃ፣ ቦርዱን ተረክበዋል። አብራር፣ እንሂድ!"

አልሰማኝም። ጫማውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ቤቱ ገባና በኦሮምኛ እናቱን ጠራ።

አብራር ኦሮምኛ አይችልም። እናቱም መርካቶ ናቸው።

"አብራር!"

ልከተለው ስል ሽማግሌው ደረቴን ገፍተው አስቆሙኝ። ጫማውን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ይሄን ለእናቱ ስጫት።"

በሩ ሲዘጋ በቀረው ክፍተት አየሁት። አብራር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ሴት እየሳቀች እግሩን ታጥበዋለች...