ነርሷ አልነበረችም

ድንቡሼ ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ የሜዳውን አጥር ተደግፋ የበላችውን ሁሉ መለሰች። የልቧ ምት ጆሮዋ ውስጥ ይሰማታል። ከኋላዋ አንዱ «ኧረ መሬት ተንቀጠቀጠች!» ሲል ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ።

የስፖርት መምህሯ ፊሽካዋን ነፋች። ተማሪው ሁሉ «ፊሽካ» ይላታል፤ ያቺ ነገር ከአንገቷ ወርዳ ስለማታውቅ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም ማለት ይቻላል። አጠር፣ ደረቅ ያለች፣ ፀጉሯ ወደ ሽበት ያደላ ሴት ናት። የሚስቁትን በዓይኗ ገላምጣ በተነቻቸውና ለድንቡሼ የውሃ ጠርሙስ አቀበለቻት።

«ተጉመጥመጪበት እንጂ አትጠጪው። ሁለት ዙር ሩጪ ያለሽ ማነው?»

«እችላለሁ ብዬ ነው፣ ቲቸር።»

«አልቻልሽም። ነገ አንድ ደቂቃ ትሮጫለሽ፣ ሁለት ደቂቃ ትራመጃለሽ። እንደዚያ ስምንት ጊዜ፤ ከዚያ ወደ ክፍልሽ።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ? ይስቁብኛል እኮ!»

«ዛሬስ መች አለቀሱልሽ?» አለች ፊሽካ።

ድንቡሼ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ገና በሕፃንነቷ፣ ጉንጯ ሙሉ፣ ክንዷ እጥፍ እጥፍ ያለ ስለነበር። ቤት ውስጥ የፍቅር ስም ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን መዘባበቻ ሆነ፤ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ጭራሽ ሌላ ስም ያላት አይመስልም ነበር።

«አቦ ምን ነካሽ?» አለቻት የልብ ጓደኛዋ፣ ክፍል ሲገቡ። ይህቺ ልጅ አፏ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ትባላለች። «ክፍሉ በሙሉ ሙድ ያዘብሽ። ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምትሰቃዪው? ንገሪኝ፣ የትኛው ልጅ ነው?»

«ማንም አይደለም።»

«ውሸታም!»

ድንቡሼ አንገቷን ደፋች። ሬዲዮ በቀልድ የወረወረችው ቃል ሄዶ ሄዶ የተሰካው የት እንደሆነ አላወቀችም።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ወር በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቷ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተረኛ ነበረች። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው አባቷ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ድንቡሼ መኝታ ቤት ተጋድማ ሳለ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማች። ስትወጣ አባቷ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ የሆነ ነገር ሊላት ይታገላል፤ የሚወጣው ግን ቃል አልነበረም።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ ስልኩ ሞቷል። የጎረቤትን በር ደበደበች፤ ሰው የለም። ያሉት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። ደረጃውን ወረደችና ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ሮጠች። ሮጠች ማለት እንኳን ይከብዳል። ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ አንድ ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ክሊኒኩ ስትደርስ ነፍሷ ልትወጣ ምንም አልቀራትም።

ነርሷ ብቻዋን ነበረች። ልጅቷን ስታይ ደነገጠች፤ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

ድንቡሼ «አባቴ» ማለት ፈለገች፤ የወጣው ማቃሰት ብቻ ነው።

«አትናገሪ፣ የኔ እህት። ዝም ብለሽ ተንፍሺ» አለች ነርሷ፤ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያ ጠቀለለች። ድንቡሼ በእጇ ወደ በሩ አመለከተች። ነርሷ አየር የፈለገች መስሏት ሄዳ መስኮት ከፈተችላት።

ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። ድንቡሼ ከዚያ ሰዓት ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። «አባቴ… ወድቋል» የሚሉት ሁለት ቃላት ከአፏ እስኪወጡ ስድስት ደቂቃ አለፈ። ነርሷ የቤቱን ቁጥር ተቀብላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትበር፣ የጉዳዩ ባለቤት ልጅቷ ኋላ ቀረች። ቤት ስትደርስ ነርሷ የጠራቻቸው ሰዎች አባቷን በደረጃው እያወረዱት ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እናቷ ወደ ልጇ ዞረች።

«ምን ስትሠሪ ነው የቆየሽው?»

ድንቡሼም ዓይኗን በጨው ታጥባ መለሰች። «ነርሷ አልነበረችም። እስክትመጣ ጠበቅኩ።»

እንዲህ ያለ ውሸት እዚያው በተባለበት የሚቀር መስሏት ነበር። ግን ቤት ገብቶ አብሯቸው ተቀመጠ። እናቷ ነርሷን መንገድ ላይ ስታያት ፊቷን ታዞራለች፤ «ሥራዋን ጥላ የትም የምትዞር!» ትላለች፣ እንድትሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ነርሷ ቆም ትልና ድንቡሼን ታያታለች። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

አባቷ ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ እዚያው የቀረ ይመስል ነበር። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ይውላል፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ሲጠራት «ድን…» ይልና ይቆማል፤ ቀሪውን ሊያመጣው አይችልም። ጠዋት ጠዋት ሾርባ በማንኪያ የምታጎርሰው፣ አገጩ ላይ የፈሰሰውን የምትጠርገው እሷ ናት። አክስቷ ልትረከባት ስትመጣ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሜዳው ትሮጣለች።

አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። በመጀመሪያው ሳምንት ጭኗ ተላልጦ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃታት። በሁለተኛው የእግሯ አጥንት ከፊት በኩል እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዛት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት አራት ቀን ቀረች፤ በአምስተኛው ቀን ግሳጼ ጠብቃ መጣች። ፊሽካ ግን አልተቆጣችም።

«ካቆምሽበት አትጀምሪ» አለቻት። «ከዚያ ትንሽ ዝቅ በይና ጀምሪ። ቶሎ ትደርሺበታለሽ።»

ደረሰችበት። አንድ ደቂቃው ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ አራት። የሚስቁባትም ሳቁ ሰለቻቸው መሰል፣ ሌላ የሚስቁበት ሰው አገኙ። ክብደቷ ብዙም አልቀነሰም፤ ሱሪዋ ወገቧ ላይ ጥቂት ሰፋ እንጂ ድንቡሼ ያው ድንቡሼ ናት። እሷ ግን የምትቆጥረው ኪሎ አልነበረም። ከቤት እስከ ክሊኒኩ ያለው መንገድ በሜዳው ሲለካ ሁለት ዙር ተኩል እንደሚሆን አስልታለች። ያንን ሳትቆም ሮጣ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ቃል መናገር ከቻለች ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር የሚነሳላት ይመስላት ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ቻለች። ሁለት ዙር ተኩል። ቆመች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «አባቴ ወድቋል» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ምንም አልሆነም። ከአጥሩ ማዶ አንድ ውሻ ቀና ብሎ አያትና ተመልሶ ተኛ። የተጫናት ነገር በነበረበት ነበር።

የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ጠበቀቻት።

«ክሊኒኩ ላይ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ሐሙስ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ አንቺ ምስክር ነሽ። ያየሽውን ብቻ ነው የምትናገሪው፤ አትፍሪ።»

ድንቡሼ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ምን ያደርጓታል?»

«ያባርሯት! እኔ ልልቀቃት? አባትሽን ዞረሽ እዪው እስኪ። ጭራሽ ‹ነበርኩ› ብላ ጽፋ ሰጥታለች አሉ። አያፍሩም እኮ!»

በማግስቱ ነገሩን ለሬዲዮ ነገረቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከነስድስት ደቂቃው። ሬዲዮ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ በእሷ ታሪክ ያልታየ ነው።

«በቃ ድርቅ በይ» አለች። «ማን አየሽ? እሷ ብቻ ናት፤ ማን ያምናታል? እውነቱን ከተናገርሽ እናትሽ ዕድሜ ልኳን ይቅር አትልሽም።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

ማታ እናቷ ለነገ የምትለብሰውን ቀሚስ ትተኩሳለች፤ አባቷ ወንበሩ ላይ ነው። ድንቡሼ ብዙ አስባ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር። አፏን ስትከፍት አንዱም አልመጣላትም።

«እማ፣ ነርሷ ነበረች።»

እናቷ ካውያውን አላነሳችም። «ምን አልሽ?»

«ነበረች። ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር አቃተኝ። በሽተኛዋ እኔ መሰልኳት። ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ ግፊቴን ለካች። እኔ ነኝ ያቆየሁት። ስድስት ደቂቃ።»

ቀሚሱ መጨስ ጀመረ። ያኔ ነው እናቷ ካውያውን ያነሳችው፤ ጨርቁ ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል።

«ስድስት?»

«ስድስት።»

ከመስኮቱ በኩል ድምፅ መጣ። አባቷ በደህናው እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይመታ ነበር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ። ፊቱ በእንባ ርሷል። ተዪ ማለቱ ይሁን፣ ምነው ልጄ ማለቱ ይሁን፣ ሁለቱም ሊያውቁ አልቻሉም። እናቷ ሄዳ እጁን ያዘችለት። ጀርባዋን ለድንቡሼ እንደሰጠች ተናገረች።

«ነገ አብረን እንሄዳለን። ይህንኑ እዚያ ትናገሪዋለሽ።»

ሐሙስ ዕለት ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ነርሷ ግድግዳው አጠገብ። ድንቡሼ ቆማ ተናገረች። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰችው። ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ነርሷ ዞረ።

«የሚጨምሩት አለ?»

ነርሷ እጇን እያፍተለተለች ተነሳች። «አለኝ። ወፈር ያለች ልጅ ናት፤ ላብ አጥምቋታል፤ ታማለች ብዬ ደመደምኩ። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ፤ በሩን ስታሳየኝም አልገባኝም። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

እናቷ ተነሳች። ለሰው አንገቷን መድፋት የማትወደው ሴት ነርሷ ፊት ቆማ «ስምሽን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለች። ነርሷም ይቅር አለቻት፤ ሁለቱም ግን ለመተቃቀፍ አቅም አልነበራቸውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እናቷ ለማረፍ ቆመች፤ ድንቡሼም ቆመች። እናቷ እያለከለከች ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አሁን አያደክምሽም» አለች።

ምስጋናም ወቀሳም አልነበረም። ድንቡሼ ግን ምነው በደከመኝ ብላ ተመኘች። የዚያን ቀን ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

አርብ ጠዋት ሜዳው ጭቃ ነበር። ድንቡሼ የትምህርት ቤት ጫማዋን እንዳደረገች ሄዳ ፊሽካ ፊት ቆመች።

«ቲቸር፣ ከዛሬ ጀምሮ የምመጣ አይመስለኝም።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። የምሮጥበት ምክንያት ነበረኝ፤ ትናንት አለቀ።»

ፊሽካ ምን ምክንያት ብላ አልጠየቀችም። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሮጫለሁ» አለች። «አንዳንድ ቀን ምክንያት አለኝ። አብዛኛውን ቀን ግን ያለኝ ጫማ ብቻ ነው።» ይህን ብላ ወደ ሌሎቹ ልጆች ሄደች። ዞራም አላየቻትም።

ድንቡሼ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ዛሬም አላናገረቻትም፤ ነገም ላታናግራት ትችላለች። አባቷ አሁን መስኮቱ ጋ ነው። መቶ ዙር ብትሮጥ ከዚህ ውስጥ የሚለወጥ አንድም ነገር የለም። እግሯ ግን ዝም ብሎ መቀመጡን አልወደደውም፤ ጣቶቿ ብርድ ይዟቸዋል። ቦርሳዋን ከፈተች። የመሮጫ ጫማዋ ውስጡ ነበር፤ ጠዋት ምን ብላ እንደከተተችው ራሷም አታውቅም።

ቀስ ብላ አሰረችው፤ ጭቃው ውስጥ ገባች።

«ስንት ዙር ነው?» ብላ ጮኸች ፊሽካ ከወዲያ ማዶ።

ድንቡሼ ትንሽ አሰበች።

«እንጃ» አለች። «ልጀምርና እናያለን።»