አራት ክር በአንድ እጅ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ፀጉር የምታህል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ! ዛሬ በየአዳራሹ ድንጋዩን የሚያስለቅሰው፣ ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች የተደረሰው ሙዚቃ የተወለደው ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባት ቫዮሊን፣ ታላቂቱ ልጅ ቪዮላ፣ ታናሺቱ ሁለተኛውን ቫዮሊን ይጫወታሉ። እናት ግን በጉልበት መካከል የሚያዘውን ትልቁን፣ ቼሎውን! እሷ ደጋኑን በክሮቹ ላይ ስትስብ የሦስት ሰፈር ውሻ ጸጥ ይላል።

ምን ያደርጋል… አንድ ማለዳ ግራ እጇ አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ በመርፌ ወጋው፤ እንጨት ሆኗል። ክሩን የሚጫኑ ጣቶች ከሌሉ ዜማ ከየት ይመጣል? በዚያው ሳምንት ጣሪያው ተደረመሰ፤ ታላቂቱንም እጮኛዋ ከዳት። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ የሚጫወቱበት ቲያትር ቤት ኃላፊ መጣ።

"ለእሑድ ሌላ ቼሎ ተጫዋች ፈልግ፤ አለዚያ መድረኩን ለሌሎች እሰጣለሁ" አለው አባትን።

"ወንበሩ የእሷ ነው።"

"በአንድ እጅ ምን ልትሠራበት? ለሕዝቡ ሰላምታ ልትሰጥ?"

እናት ከአልጋዋ ሆና ሰማች። እንባ እንኳ አልወጣትም።

"ቀኝ እጄ ደህና ነው" አለች ባሏን። "ጻፍልኝ።"

"ምን ልጻፍልሽ?"

"ጣት የማይፈልግ።"

አባት ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ጻፈ። የቼሎ አራት ክሮች ጣት ባይነካቸውም እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ አላቸው። ለሚስቱ እነዚያን አራት ድምፆች ብቻ ሰጥቶ፣ የቀሩትን መሣሪያዎች በዙሪያቸው አስለቀሳቸው።

እሑድ እናት የሞተ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ኃላፊውን ዓይን ዓይኑን እያየች ደጋኑን ሳበች። አሥር ሺህ ሰው ተነሥቶ ቆመ፤ ኃላፊው ተንበረከከ! በመጨረሻው ድምፅ ላይ ደጋኑ ከእጇ ወደቀ… እሷም ቼሎዋን እንዳቀፈች አሸለበች። አንተ ሞት! እሷን ወሰድካት እንጂ ወንበሯን መች አስለቀቅካት?

ተራኪው ይህን ሁሉ በዚያው ቲያትር ቤት አዳራሽ ሲተርክ ታናሺቱ ልጅ፣ ዛሬ ሽበታም ወይዘሮ፣ ከኋላ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። ቀስ ብላ ተነሣች።

"ያን ዕለት ሠላሳ ሰው ብንሆን ነው" አለች። "የሞተም የለም። ቼሎው የአባባ ነበር፤ እጁ የሰለለውም እሱ ነው። ሙዚቃውን የጻፈችለት እማማ ናት። ሰው ከንፈር እንዳይመጥለት ብላ፣ ደራሲ በሚለው ቦታ የእሱን ስም አሰፈረች። ወረቀቱ ቤት አለ፤ በእሷ የእጅ ጽሑፍ።"